እድሩን ከስልክ ወደ ደጅ የመለሰ ሰፈር፦ ከጅማ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ

ኢንተርኔት ቢቀር ጎረቤት እንደ ድሮው ይጠያየቅ ነበር የሚል ሐሳብ በየቡናው ላይ ይነሳል። የሚያነሱት ሰዎች ከልባቸው ነው፤ ምን እንደጎደላቸው ያውቁታል። ሐሳቡ በተግባር ተፈትኖ የታየበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። እዚህ የሚመዘገበው የጅማ እድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ሁኔታ አይቷል። መጀመሪያ ሥራውን በሙሉ ወደ ስልክ አዛወረ። ቀጥሎ ስልኩን በሙሉ ዘጋ። በመጨረሻ የትኛው ሥራ በስልክ፣ የትኛው በአካል እንደሚሠራ ለይቶ ደነገገ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች አልሠሩም። ሦስተኛው በአብዛኛው ሠርቷል፤ ያልሠራበትም ቦታ አለ።

የሰዎቹ ስም፣ የሰፈሩና የእድሩ መጠሪያ ሆን ተብሎ አልተጻፈም።

## ሰፈሩና እድሩ

ሰፈሩ አዌቱ ወንዝን ተከትለው ከሚገኙት የጅማ ሰፈሮች አንዱ ነው። ነባሮቹ ቤቶች የጭቃ ናቸው፤ በመሀል በመሀል አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ገብተዋል። ከነባሮቹ ብዙዎቹ ጓሯቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርተው ያከራያሉ። ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። እድሩ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ስብሰባው ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይቀላቀላሉ። አባላቱ ከ100 አባወራ ጥቂት ይበልጣሉ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አሉት። ንብረቱ ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ ነው።

ከ2012 በፊት ሥራው በሦስት ነገሮች ላይ ቆሞ ነበር። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን ይዞራል። መዋጮ በወር አንድ እሑድ በእድሩ ቤት ይከፈላል፤ ገንዘብ ያዡ በአባሉ ደብተር ላይ ይፈርማል። ድንኳን የሚተክለውና የሚነቅለው ተራ የደረሰው ቡድን ነው። ማንም እነዚህን ሦስቱን «መቀራረቢያ» ብሎ አልጠራቸውም። የሚታዩት እንደ ግዴታ ነበር፤ ሰውም ያማርርባቸው ነበር።

## ሥራው ወደ ስልክ የገባበት መንገድ

መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በብዛት መሰብሰብም ተከለከለ። የእሑዱ ክፍያ ቆመ። አንድ ወጣት አባል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፤ መልእክት፣ የሐዘን መርዶና የሒሳብ መግለጫ በዚያ መተላለፍ ጀመረ። በወቅቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ሌላ አማራጭም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያለ ኢንተርኔት መኖር በራሱ ሰውን የሚያቀራርብ ከሆነ መታየት የነበረበት በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሰፈሩ አልተቀራረበም። ሰው በስጋት በሩን ዘግቶ ዋለ፤ መርዶ በስልክ ጥሪ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቆራረጠ ተላለፈ፤ ጥሩንባ ነፊው ደግሞ ከወራት በፊት ሥራውን አቁሟል። ግንኙነቱ ሲመለስ እድሩ ከዚህ ምንም ሳይማር ወደ ግሩፑ ተመለሰ።

ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት እድሩ መዋጮውን በቴሌብር አደረገ፤ ከፋዩ የከፈለበትን ስክሪንሾት ለገንዘብ ያዡ ይልካል። ውዝፍ ቀነሰ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው ጥቅም ነው። የጥሩንባ ነፊው አበል ከበጀት ወጣ። ድንኳኖቹ አርጅተው ስለነበር ከአከራይ መውሰድ ተጀመረ፤ አከራዩ ሠራተኞቹን ይዞ ይመጣል፣ ይተክላል፣ ይነቅላል።

እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ጎረቤት ሳይጠራና ሳይቀጠር በአካል የሚገናኝባቸውን ቦታዎች በሙሉ አነሱ።

## ምን ተበላሸ

የመጀመሪያው ችግር የግሩፑ ነው። ግሩፑ ውስጥ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ፣ የፖለቲካ ዜና፣ የበዓል ምስልና የሃይማኖት ትምህርት ገባ። መልእክቱ ሲበዛ ብዙ አባል ድምፁን ዘጋው። ድምፁ የተዘጋ ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ መርዶ ደግሞ አይጮህም፤ ባለቤቱ ስልኩን ከፍቶ እስኪያነብ ይጠብቃል። ከአባላቱ መካከል ቁልፍ ያለው ስልክ ብቻ የያዙ አዛውንቶች ነበሩ። እነሱ የሚሰሙት ልጅ ወይም ጎረቤት ሲነግራቸው ነው።

ከዚህ የከፋው ያነበበው ሰው ያደረገው ነገር ነበር። «ነፍስ ይማር» ወይም «ኢና ሊላሂ» ብሎ የጻፈ ሰው ለቅሶ የደረሰ ይመስለው ጀመር። መልካም ቃል ነው፤ ከልብም የተጻፈ ነው። ነገር ግን ውሃ አይቀዳም፣ ሬሳ አይሸከምም፣ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር አያድርም። ግሩፑ ላይ ደርዘን በደርዘን መልስ በተጻፈባቸው ለቅሶዎች ድንኳኑ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይውል ነበር።

ሁለተኛው አንድ የቀብር ቀን ነው። አንድ ሙስሊም አባል ከንጋት በፊት አረፉ። ቀብሩ በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። መርዶው በግሩፑ ላይ ወጣ፤ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስለነበር የብዙ ሰው ስልክ ባትሪ ጨርሷል። ብዙ አባላት የሰሙት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ከሐዘኑ በላይ ቅሬታ ያዘ። ቅሬታው ሳይነገር ሰነበተ፤ ሳይነገር የቀረ ቅሬታ ደግሞ እድርን ከውስጥ ይበላዋል።

ሦስተኛው ሁሉንም ያስደነገጠው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናት ታመው አልጋ ላይ ሳምንታት ቆዩ። መዋጯቸውን ልጃቸው ከአዲስ አበባ በቴሌብር ይከፍላል፤ መዝገቡ ላይ ምንም ጉድለት የለባቸውም። በድሮው አሠራር ሁለት እሑድ ቢቀሩ ገንዘብ ያዡ «እናታችን የት ጠፉ?» ብሎ ሰው ይልክ ነበር። አሁን ገንዘቡ ስለሚደርስ እናትየው እንዳሉ ተቆጠሩ። ያገኛቸው ጎረቤት ሳይሆን ከሰል ይሸጥላቸው የነበረ ልጅ ነው። እናትየው ድነዋል። ኮሚቴው የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

## ስልኩን የመዝጋት ሙከራ

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጠንካራ ድምፅ የነበራቸው ነባር አባላት ግሩፑ ይዘጋ፣ ቴሌብርም ይቅር አሉ። ጉባኤው ተቀበለ። ውሳኔው ከሁለት ወር በላይ አልቆየም።

ሌላ ከተማ ለሥራ የሄዱ አባላት መክፈያ አጥተው ውዝፍ ውስጥ ገቡ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን እድር ወሬ ሲያጡ በየፊናቸው ወደ ገንዘብ ያዡ መደወል ጀመሩ፤ ሰውየው ሥራ መሥራት አልቻለም። ወጣቶቹ የራሳቸውን ግሩፕ ከፈቱ፤ እዚያ ውስጥ ያልተጣራ ወሬ ይዞር ጀመር። እሑድ ለክፍያ የመጣ ሰው ከፍሎ ይመለሳል፤ የሚያቆየው ነገር የለም። ስልኩ ተነሥቷል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ግን በምንም አልተሞላም።

ጉባኤው ከዚህ የወሰደው ትምህርት በትክክል ሊጻፍ ይገባዋል፦ ሰው ከሰው የሚገናኘው የሚያገናኘው ሥራ ሲኖር ነው። ስልኩ ያን ሥራ ወስዶ ከሆነ፣ መመለስ ያለበት ሥራው ነው።

## ሥራውን የመከፋፈል እርምጃ

ኮሚቴው የእድሩን ሥራዎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘረዘረና በእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ «ይህ በስልክ ቢሠራ የማይታየን ሰው ማን ነው?» መልስ የተገኘበት ሥራ ሁሉ ወደ ደጅ ተመለሰ። የሒሳብ መግለጫ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና ሩቅ ያሉ አባላት ክፍያ በስልክ ቀሩ። ግሩፑ ከኮሚቴው በቀር ማንም የማይጽፍበት ሆነ፤ ይህ ብቻውን ድምፁን የዘጉ ብዙ ሰዎች መልሰው እንዲከፍቱት አደረገ።

የቤት ቡድን። አባላቱ ከ10 እስከ 12 ቤት በሚይዙ ቡድኖች ተከፈሉ። መጀመሪያ የተደረገው በመዝገብ ቁጥር ነበር፤ አልሠራም፤ የአንድ ቡድን ሰዎች በሰፈሩ ሁለት ጫፍ ተገኙ። ሁለተኛው በበር ተደረገ፦ በአንድ ቅያስ ፊት ለፊት የሚተያዩ በሮች አንድ ቡድን ናቸው። ተጠሪው በሦስት ቀን አንዴ የሁሉንም በር ማየት አለበት። ማንኳኳት ግዴታ አይደለም፤ ጭስ ወጥቷል ወይ፣ በሩ ተከፍቷል ወይ፣ ልጆቹ ወጥተዋል ወይ ብሎ ማየት ይበቃል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ቤት ግን በየቀኑ ሰላምታ ይደረግለታል።

ጥሪ። ጥሩንባው ተመለሰ፣ አበሉም ከድሮው ከፍ ተደረገ፤ የድሮው ነፊ ያቆመው አበሉ ለአንድ ቀን ምሳ እንኳ ስለማይበቃ ነበር። ጥሪው በሁለት ሰው ይከናወናል። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ተነሥተው መሀል ላይ ይገናኛሉ። ጥሩንባው ሰውን ያነቃል፤ መልእክቱን የሚያደርሰው በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ነው። የመቆሚያ ቦታዎቹ ተወስነዋል፦ የውሃ ቦኖው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የመስጊዱ በር፣ የዳቦ ቤቱ ጥግ። በየመቆሚያው በሁለቱም ቋንቋ አራት ነገር ይነገራል፦ ማን አረፈ፣ የማን ቤት ነው፣ ቀብሩ የት ነው፣ በስንት ሰዓት ነው። የሟች የመዝገብ ስም ብቻውን አይበቃም። ሰፈሩ ብዙውን ሰው የሚያውቀው «የእገሌ እናት» ብሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ይህ ባለመነገሩ ሰዎች የተሳሳተ ቤት ሄደዋል። ዝናብ ሲጥል ድምፁ በቆርቆሮው ጩኸት ስለሚዋጥ ተጠሪዎቹ በየበሩ ያንኳኳሉ። የድምፅ ማጉያው ትርፍ ባትሪ በንብረት ያዡ ቤት ይቀመጣል፤ ባትሪው ውስጡ ተትቶ ከከረመ ፈሳሽ አውጥቶ መያዣውን ያዝገዋል።

ክፍያና ቡና። ሰፈር ውስጥ ያለ አባል ከፈለገ በቴሌብር ይከፍላል፤ ደብተሩን ግን በየወሩ አንድ እሑድ በአካል ይዞ መጥቶ ያስፈርማል። ያልመጣ ሰው ቅጣት የለበትም። የዚያኑ ቀን ማታ ተጠሪው ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ የደብተሩ ዋና ጥቅም ይኸው ነው። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተመልሷል፣ የአስር ሶላትም አልቋል። ሐሙስ የገበያ ቀን፣ ዓርብ የጁምዓ ቀን በመሆኑ አልተመረጡም።

ሰው ፈርሞ እንዳይሄድ ቡና ይፈላል፤ ተራው በቡድን ይዞራል። ለ40 ሰው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይያዛል። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚቀንስ ለአንድ ሰው 10 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ቶናውና በረካው ከዚያው አተላ ይወጣል። በአንድ ጀበና ከተሞከረ የመጨረሻው ሰው አቦል ሳይደርሰው ይሄዳል፤ ሦስት ትልልቅ ጀበና በሁለት ምድጃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያበላሸው ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ፈንዲሻ አቀረበ። ሁለተኛው ድፎ ዳቦ ጨመረ። ሦስተኛው ወጥ ሠራ። ተራቸው የደረሰ ተከራዮችና አቅም የሌላቸው ቤቶች ያን እሑድ መጥፋት ጀመሩ። ኮሚቴው ፈጥኖ ደነገገ፦ ቡናውን፣ ስኳሩንና ከሰሉን እድሩ ይገዛል፤ ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ብቻ ነው። የጠፉት ተመለሱ። በረመዳን ቡናው ይቀርና ፊርማው ብቻ ይከናወናል፤ ከጾሙ በኋላ ባለው እሑድ ይቀጥላል።

ድንኳን። እድሩ አንድ አዲስ ሸራ አሰፋ፤ መትከሉም ወደ ቡድኖቹ ተመለሰ። ለአንድ ድንኳን 8 ሰው በቂ ነው፦ አራቱ ማዕዘን ይይዛሉ፣ ሁለቱ የመሀል ምሰሶ ያቆማሉ፣ ሁለቱ ካስማ ይመታሉ። የመሀል ምሰሶዎች ቀይ፣ የዳር ምሰሶዎች ነጭ ተቀቡ፤ ከዚያ በፊት በጨለማ የተሳሳተ ምሰሶ እያቆሙ መልሶ ማፍረስ ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር። የጅማ አፈር በክረምት ስለሚለሰልስ አጭር ካስማ በነፋስ ይነቀላል። ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ካስማ ይይዛል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ስለሚያጥር ማታ ላላ ይደረጋል፤ የናይለን ገመድ በተቃራኒው ሲረጥብ ስለሚላላ ጠዋት ይወጠራል። ጣሪያው ረግቦ ውሃ ካቆረ ምሰሶ ይሰብራል። ዙሪያውን አንድ ስንዝር ስፋት ያለው ቦይ ካልተቆፈረ ጎርፉ ሐዘንተኛው እግር ስር ይገባል። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ስለዚህ የነቀለው ቡድን ፀሐይ በወጣበት ቀን አስጥቶ አድርቆ ነው የሚያስረክበው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገው ድንኳኑ ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ሰውን ስላገናኘ ነው። ምሰሶ የያዘ ሰው ገመድ የያዘውን ሰው ስም ይጠይቃል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ይታዘዘዋል። ለዓመታት ሰላምታ ያልነበራቸው ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የክረምት ሌሊት ቦይ አብረው ቆፈሩ። በዚያው ወር በመካከላቸው የነበረውን የጎርፍ መውረጃ ክርክር በሽማግሌ ጨረሱ።

ተከራዮች። የአዲስ አባል መግቢያ ክፍያ ከፍተኛ ነው፤ እድሩ ለዓመታት ያፈራውን ንብረት መጋራት ስለሆነ ምክንያቱ ይገባል። ነገር ግን ነገ ሊለቅ የሚችል ተከራይ አይከፍለውም። «ጊዜያዊ አባል» የሚል ደረጃ ተከፈተ፦ መግቢያ አይከፍልም፣ ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል፣ በድንኳን ተራ ይገባል፣ ሲለቅ ከንብረት ድርሻ የለውም። ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን፣ ዕቃና ሰው ያገኛል፤ የገንዘብ ክፍያው ግን ከቋሚ አባል ያንሳል።

## ያልሠራው

ቡናው ላይ ስልክ በቅርጫት ይሰብሰብ ተብሎ ተሞክሮ ነበር። ነጋዴው የዕቃ ጥሪ ይጠብቃል፤ እናት ልጇን ቤት ትታ መጥታለች፤ የታመመ ያለበት ሰው አለ። ሰው በልቡ ቅርጫቱን እየጠበቀ ተቀመጠ፤ ከሦስተኛው እሑድ በኋላ ቀረ። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ስልኩ ቢወሰድበት ጨዋታ አይጀምርም።

በድንኳን ተራ ለቀረ የተጣለው የገንዘብ ቅጣትም አልሠራም። አቅም ያላቸው አባላት ቅጣቱን ቀድመው በቴሌብር እየላኩ መቅረት ጀመሩ። ቅጣቱ የመቅረት ዋጋ ሆነ፤ ተራቸውን የተሸከሙት ድሆቹ ብቻ ሆኑ። ኮሚቴው ቅጣቱን አንሥቶ የሚቀር ሰው ራሱ ከቡድኑ ተተኪ ለምኖ እንዲያመጣ አዘዘ። ለመተካት ጎረቤትን ፊት ለፊት መለመን ብዙዎችን ወደ ተራቸው መለሳቸው።

ተማሪዎቹ አልገቡም። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ከጊዜያዊ አባላት መካከል ንቁዎቹ ሆነዋል፤ ተማሪው ግን የጊዜው አጭርነት፣ ሐዘኑም ሩቅ አገር ያለ ቤተሰቡ ጋ መሆኑ ከእድር አያገናኘውም። እነሱን የሳበው በክረምት መግቢያ የሚደረገው የቦይ ጠረጋ ብቻ ነው። የሴቶች ጉዳይም አልተፈታም፦ ቡናው በተግባር ሙሉ በሙሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ወንዶች እንዲያጣጥቡ የተላለፈው ውሳኔ በሁለት ቡድን ብቻ ይከበራል። ይህ ካልተስተካከለ ቡናው ዕድሜ አይኖረውም ብለን እናምናለን።

## ወደ ሌላ ሰፈር ሲወሰድ

ከዚህ ጉዳይ የሚሻገረው ዋናው ነገር የጥያቄው አቀማመጥ ነው። «ስልክ ይቅር ወይስ አይቅር?» የሚለው ጥያቄ እድሩን ሁለት ጊዜ አሳሳተው። «በስልክ ሲሆን የማይታየን ማን ነው?» የሚለው ግን በየሥራው የተለየ መልስ ሰጠ። ለሒሳብ መግለጫ መልሱ «ማንም የለም» ነው፤ ለመዋጮ መልሱ አልጋ ላይ ያሉት እናት ናቸው።

የአዲስ አበባ ዓይነት ኮንዶሚኒየም ላይ በር ለበር መተያየት ስለሌለ የቤት ቡድኑ በወለል ሳይሆን በደረጃ ቢደረግ ይሻላል፤ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ የሚያልፈው በደረጃው ነው። አባላቱ በጣም የተበታተኑበት የመሥሪያ ቤት እድር ግን ከዚህ አሠራር ብዙ አይጠቀምም። ጥሪውና ድንኳኑ የሚሠሩት በእግር በሚደረስበት ርቀት ብቻ ነው።

መጀመር ያለበት ከቤት ቡድንና ከጥሩንባ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ውጤታቸውም በመጀመሪያው ለቅሶ ይታያል። ድንኳን ማሰፋት ወደ በኋላ ይቆይ፤ ያልተደራጀ ቡድን አዲስ ሸራ በአንድ ክረምት ያበሰብሳል። ልምምዱ ዝናቡ ቀለል በሚልባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ለቅሶ በሌለበት ቀን ይደረግ።

ተጠሪ ሰፈር ሲለቅ የቡድኑን ደብተር በቡናው እሑድ በአባላቱ ፊት ያስረክባል፤ ከዚያ በፊት ግን ተተኪውን ይዞ በየበሩ ይዞራል። መዝገቡን በስልክ ፎቶ የተቀበሉ ሁለት ተተኪዎች ከወር በኋላ የቡድናቸውን ቤቶች በሙሉ አያውቁም ነበር።